ቆቡን ያልነካው እጅ

የኔሬዮ ማርሞሌሆስ አንድ ተራ ቀን ይህን ያህል ያስወጣል፦ ለቁርስ ተቀቅሎ የሚፈጨው አረንጓዴ ሙዝና አብሮት የሚጠበሰው ሳላሚ የተባለ ቋሊማ ሰባ ፔሶ፣ ለጉልበቱ አንድ ከረጢት በረዶ ሃምሳ፣ ለመስፊያ ክርና ሰም ሠላሳ፣ ከሰዓት በኋላ ሞተር ብስክሌት ላይ ተፈናጦ ሜዳ ለመድረስ ሌላ ሃምሳ። መመለሻው ነፃ ነው፤ ሞተር ያለው ተጫዋች አይጠፋም። በገንዘብ ይኸው ነው፣ ብዙ አይደለም። በጉልበት ሲታሰብ ግን ውድ ነው። ጠዋት ከአልጋው ጠርዝ ተነሥቶ ቀጥ ብሎ እስኪቆም ድረስ ባለቤቱ ኢዳሊና ሙዙን ልጣ፣ ቆራርጣ፣ ድስቱን ትጥዳለች።

«ቆምክ?» ትለዋለች ከማጀት።

«በመቆም ላይ ነኝ» ይላታል።

የየቀኑ ሰላምታቸው ይህ ነው።

ጉልበቱን የበላው ቀላቢነት ነው። በቤዝቦል ወርዋሪው የሚወረውራትን ኳስ ከመቺው ኋላ ቁጢጥ ብሎ የሚቀልበው እሱ ነበር፤ ፊቱ ላይ የብረት ጭምብል፣ ደረቱ ላይ መከታ፣ ግራ እጁ ላይ ትራስ የሚያክል ጓንት። ዕድሜውን ሙሉ ቁጢጥ፣ ብድግ፣ ቁጢጥ፣ ብድግ። ኳስ ያልሰበረው የቀኝ እጅ ጣት የለውም። ዘርግቶ ካሳየህ አምስቱም የየራሳቸውን አገር ያያሉ። በእነዚያ ጣቶች አሁን በቤቱ ደጃፍ፣ ከዛፉ ጥላ ሥር ተቀምጦ የሰው ጫማና የልጆች ጓንት ይሰፋል። ቅዳሜና እሑድ ደግሞ የሰፈሩን ቡድን፣ ኤል ሙዬን፣ ያሠለጥን ነበር።

በእግር ኳስ አሰልጣኙ ሱፍ ለብሶ መስመር ዳር ይቆማል። በቤዝቦል ግን አሰልጣኙ እንደ ልጆቹ ማሊያ ይለብሳል። ሆዱ ቢገፋም፣ ፀጉሩ ቢሸብትም፣ ጀርባው ላይ ቁጥር አለው። ኔሬዮ ለምን እንደሆነ ሲጠየቅ፣ «ስላልወጣን ነዋ» ይላል። «መጫወት አቆምን እንጂ ከጨዋታው አልወጣንም።» የእሱ ቁጥር ስምንት ነው። ኢዳሊና ያንን ማሊያ ከሌላ ልብስ ጋር አትዘፈዝፈውም። ብቻውን ታጥባለች፣ ብቻውን ታሰጣለች፣ ስታጥፈው ስምንቷ ከላይ እንድትታይ አድርጋ ነው።

በመንገዱ ማዕዘን ላይ በዶኛ ፍሎራ ሱቅ በረንዳ ዶሚኖ የሚጫወቱ ሰዎች አሉ። ዶሚኖው ሰበብ ነው። ዋናው ሥራቸው መጠያየቅ ነው፤ ጥያቄውም ሁልጊዜ ስለ አንድ ጉዳይ፣ ተጫውተው ኋላ አሰልጣኝ ስለሆኑ ሰዎች።

«በተጫዋችነቱ አንድም ጊዜ ኳሷን ከአጥሩ ያላሻገረ፣ በአሰልጣኝነቱ ግን ዋንጫ ማስቀመጫ ያጣ?» ይላል አንዱ ድንጋዩን ጠረጴዛው ላይ ጧ አድርጎ።

«ዳኛ ከሜዳ ሲያባርረው ማንጎ ዛፍ ላይ ወጥቶ በቅርንጫፉ መሃል ምልክት የሰጠ?» ይላል ሌላው።

«መቺ ቢጎድልበት በሽበቱ ራሱን አስገብቶ፣ መትቶም ወደ መጀመሪያው ማረፊያ ሳይሮጥ በእግሩ የሄደ?»

«እሱማ የኛው ኔሬዮ ነው። ሄደ አይባልም ግን፣ ተሸኘ ነው የሚባለው።»

ይሳሳቃሉ። ከዚያ አንዱ ሁልጊዜ የሚነሣውን ያነሣል፦ በዚህ በሳን ፔድሮ ከተማ ከሰፈር ቡድን አሰልጣኞች አብዛኞቹ ቀላቢ የነበሩ ናቸው፤ ለምንድን ነው? ሁሉም የየራሱን ይላል፤ ትዕግሥት ነው፣ ተንኮል ነው፣ የጉልበት ሕመም ሰው ያስተምራል። አንድ ቀን ዶኛ ፍሎራ ከሱቃቸው ውስጥ ሆነው፣ ስኳር እየመዘኑ፣ ቀና ሳይሉ መለሱ። «ሜዳው ላይ ያሉት ስምንቱ ወደ ቀላቢው ያያሉ። እሱ ብቻ ነው ስምንቱን የሚያይ» አሉ። ሰው ዕድሜውን ሙሉ ያየውን ነገር ገና ያን ቀን ያየ ያህል ነበር።

«ወርዋሪ የነበረ አሰልጣኝስ?» የሚል ጥያቄ ሲመጣ መልሱ አንድ ብቻ ነው። ቱሊዮ ሄንሪ።

ቱሊዮ ረጅም፣ ቀጭን፣ ቃሉን የሚቆጥብ ሰው ነው። አያቱ ለሸንኮራ ቆረጣ ከትንንሾቹ ደሴቶች በጀልባ የመጡ ናቸው። እሱና ኔሬዮ በአንድ ቡድን አሥራ አራት ዓመት አብረው ሲጫወቱ፣ አንዱ እየወረወረ አንዱ እየቀለበ፣ ሚስቶቻቸውን ካዩበት ሰዓት እርስ በርስ የተያዩበት ይበልጣል። የኔሬዮን ሴት ልጅ ክርስትና ያነሣት ቱሊዮ ነው፤ ስለዚህ አበልጅ ነው የሚባባሉት።

እንዲህ ያለ መተያየት ሰውን ምን እንደሚያደርገው ለማመን ይከብዳል። ኔሬዮ የቱሊዮን ገላ እንደ ገዛ ጓንቱ ያውቀዋል። ሲደክመው ግራ ትከሻው ይወርዳል። ሲናደድ ኳሷን ጭኑ ላይ ያሻታል። ሲያመው ደግሞ የታችኛውን ከንፈሩን ወደ ውስጥ ይስባል፣ ላለማልቀስ እንደሚታገል ሕፃን። ያኔ ኔሬዮ ከቁጢጡ ተነሥቶ፣ ጭምብሉን ወደ ላይ ገፍቶ፣ ወርዋሪው ወደሚቆምባት ጉብታ ይሄድ ነበር።

«ምንህን ነው?»

«ምንም።»

«አበልጅ፣ ምንም የሚባል የሰውነት ክፍል የለም። ምንህን ነው?»

«ክርኔን።»

የቤዝቦል አሰልጣኝ በእጁ ነው የሚናገረው። ቡድኑ ሲመታ፣ ሯጮች እየደረሱ ከሚቆሙባቸው ማረፊያዎች በሦስተኛው አጠገብ በኖራ በተሰመረ ሳጥን ውስጥ ይቆምና ጆሮውን፣ አፍንጫውን፣ ደረቱን፣ ቀበቶውን ይነካካል። አብዛኛው ማደናገሪያ ነው። ከመሃሉ አንዱ ብቻ ትእዛዝ ነው፦ ሩጥ፣ ጠብቅ፣ ኳሷን ነካ አድርጋት። የትኛው እንደሆነ የሚለየው ቁልፉን የሚያውቅ ብቻ ነው። የነኔሬዮ የድሮ አሰልጣኝ ቁልፍ የቆብ ጫፍ ነበር። ቆቡን ካልነካ የቀረው ሁሉ ዝንብ ማባረር ነው። ቆቡን ነክቶ ደረቱንና ግራ ክንዱን ካስከተለ ግን፣ ሦስተኛው ማረፊያ ላይ ያለው ሯጭ ወርዋሪው ገና ሲንቀሳቀስ ነፍሱን ይዞ ወደ ቤት ይሮጣል። ቤት የሚባለው መቺው አጠገቡ የሚቆምበት ነጭ ሰሌዳ ነው፤ እዚያ የደረሰ ነጥብ አስቆጠረ።

ኔሬዮ ኤል ሙዬን በያዘ በዓመቱ ቱሊዮ የባላንጣውን ሰፈር፣ የሎስ አልሜንድሮስን ቡድን ያዘ። በመጀመሪያው ግጥሚያቸው ዋዜማ ኔሬዮ ቤቱ ድረስ ሄደ።

«አበልጅ፣ ምልክትህን ቀይር። የድሮ አሰልጣኛችንን ምልክት ሁሉ አውቀዋለሁ» አለው።

ቱሊዮ ብዙ አሰበ። «አልቀይርም» አለ።

«ለምን?»

«ከቀየርኩ አላመንኩህም ማለት ነው።»

«ሞኝ ነህ እንዴ? ፊት ለፊትህ ቆሜ አይሃለሁ እኮ።»

«እንግዲያው አትየኝ።»

ተጨባበጡ። ከዚያ ወዲያ ሁለቱ ሰፈሮች በተጋጠሙ ቁጥር፣ ቱሊዮ ወደ ሳጥኑ ገብቶ እጁን ማንቀሳቀስ ሲጀምር ኔሬዮ ቆቡን ዝቅ አድርጎ በጫማዎቹ መሃል ያለውን አሸዋ ያያል። አጥር ላይ የተንጠለጠሉት ልጆች፣ «ዶን ኔሬዮ ጸሎት ጀመሩ» ይላሉ። ከዶሚኖው በረንዳ የመጡትም፣ «ቀና በል እንጂ፣ አንገትህ ዛገ?» ይሉታል። ዓመት መጣ፣ ዓመት ሄደ፣ አንድም ቀን ቀና አላለም። ኤል ሙዬም በመጨረሻው የዋንጫ ጨዋታ አልሜንድሮስን አንድም ጊዜ አላሸነፈም።

አምና የሰፈሩ ኮሚቴ ሰብሳቢ ጫማ ሊያሰፋ መጥቶ አጠገቡ በርጩማ ላይ ተቀመጠ። «ዶን ኔሬዮ፣ እናከብርዎታለን» አለ። ይህ ቃል ከፊት ሲመጣ ከኋላው ጥሩ ነገር አይከተልም። «ግን ሕዝቡ ሰለቸው። ዘንድሮም ዋንጫውን ካላመጣን ማሊያውን ለወጣት እንሰጣለን።»

ኔሬዮ መርፌውን በቆዳው ውስጥ አሳልፎ ሳበው። «ስምንትን?» አለ።

«ቡድኑን ማለቴ ነው።»

«ያው ነው» አለ ኔሬዮ።

ስለዚህ ያ ዓመት ለእሱ እንደ ሌላው ዓመት አልነበረም። ሚስቱ ታውቃለች፤ ሌሊት ሲገላበጥ ትሰማዋለች። በመጨረሻው ጨዋታ ዋዜማ ማሊያውን እያጣጠፈች፣ «ብትሸነፍስ?» አለችው።

«ጫማ እሰፋለሁ።»

«ጫማማ አሁንም ትሰፋለህ። እኔ የምጠይቅህ ስለ አንተ ነው።»

የበረዶውን ከረጢት አንሥቶ ጉልበቱ ላይ አደረገ። እሷም አልደገመችውም፤ ስምንቷን ወደ ላይ አድርጋ ወንበሩ ላይ አስቀመጠችለት።

እሑድ ሜዳው ሞላ። የስኳር ፋብሪካው ጭስ እንደ ተቃጠለ ካራሜላ ይሸታል፣ ፀሐዩ አናት ይበሳል፣ ዶኛ ፍሎራ ከበረዶ ሳጥናቸው አጠገብ ተቀምጠው መጠጥ ይሸጣሉ። ጨዋታው እስከ መጨረሻው ዙር እኩል ለእኩል ደረሰ። የሚመታው አልሜንድሮስ ነው። አንድ ነጥብ ካገባ አለቀ፣ ዋንጫውም ማሊያውም ሄደ። ሦስተኛው ማረፊያ ላይ ያንፍሪ ቆሟል፤ በአልሜንድሮስ ሞተር ነድቶ የሚያድር፣ ሾርባ እስኪበርድ የማይጠብቅ፣ ፈጣን ልጅ። ቱሊዮ ከእሱ ጥቂት እርምጃ ርቆ ሳጥኑ ውስጥ ነው።

ኔሬዮ በማዶ፣ ከመጀመሪያው ማረፊያ በኩል ባለው ዳስ አፍ ላይ ቆሞ ነበር። ነገሩ ግልጽ ነው። ያንፍሪ በዚህ ውርወራ እንደሚሮጥ ቀድሞ ቢያውቅ፣ ለቀላቢው በጣቱ ነግሮ ኳሷን ወደ ውጭ ያስወረውርና ልጁን ቤት ደጃፍ ላይ ያስይዘዋል። ማወቂያው ደግሞ እዚያ ማዶ ነው፣ በአንድ ሰው እጅ ላይ። የሚያስፈልገው አንገቱን ማንሣት ብቻ ነው። ቱሊዮ አይነቃበትም። ማንም አይነቃበትም። ያየው ቢኖርም፣ አንገቱን ደክሞት ነው ይባላል።

አሸዋውን አየ። ጫማውን አየ። ከዚያ ያን ሁሉ ዓመት ያላደረገውን አደረገ፤ ቀና አለ።

የቱሊዮ እጅ ደረቱ ላይ ነበር። ከደረቱ ወደ ግራ ትከሻው ሄደ፣ ከትከሻው ወደ ክንዱ ወረደ። ደረት፣ ግራ ክንድ። ወደ ቤት ሩጥ። የኔሬዮ ጣት ለቀላቢው ለመናገር ተነሣ፤ ግን አንድ ነገር አቆመው። ቆቡስ? የቆቡን ጫፍ መች ነካ? ሰውየው ገና ሲጀምር አምልጦኝ ይሆናል ብሎ ጠበቀ። እጁ ግን ወደ ቆቡ አልሄደም። ክንዱ ላይ ቀረ። ነካ አድርጎ እንደሚለቅ እጅ አልነበረም፤ ጨብጦ ነበር።

ያኔ ወደ ፊቱ አየ። ከዚያ ርቀት፣ በዚያ ፀሐይ፣ ያን ሁሉ ዓመት ሳጥኑ ውስጥ ሆኖ አይቶት የማያውቀውን ፊት። የታችኛው ከንፈር ወደ ውስጥ ተስቧል።

በሜዳው ዙሪያ ያን ያህል ሕዝብ ነበር። የቱሊዮ ተጫዋቾች ያዩታል፣ ልጆቹ ከአጥር ላይ ያዩታል፣ የአክስቱ ልጆች ያዩታል። ሁሉም ያዩት አንድ ነገር ነው፦ ምልክት የሚሰጥ አሰልጣኝ። እጅ ደረት ላይ ሲሄድ ማን ሕመም ነው ይላል? እዚያ ሳጥን ውስጥ የቆመ ሰው ቢያስነጥስ እንኳ አንዱ ትእዛዝ ነው ብሎ ይሮጣል። ያንፍሪም ደረትና ክንድ አየ፤ ቆብ ይሁን አይሁን አልጠበቀም፤ ጉልበቱን አጠፈ።

ኔሬዮ ሮጠ።

ያንን ሩጫ ያየ ሰው አይረሳውም። ጠዋት ከአልጋው ለመነሣት አንድ ድስት የሚያስጠብቀው ጉልበት፣ ጨዋታው እየተካሄደ ሜዳውን በመሃል ሰንጥቆ ሄደ። አሰልጣኝ የኖራውን መስመር አይረግጥም፣ ገድ የለውም ይባላል፤ ኔሬዮ ሁልጊዜ ከላዩ ተሻግሮ ነበር የሚገባው። ያን ቀን ረገጠው፣ ነጩ አቧራ ተነሣ። በገዛ ወርዋሪው አጠገብ ሲያልፍ ኳሷ ከልጁ እጅ እየወጣች ነበር። የኤል ሙዬ ቀላቢ ኳሷን ትቶ አፉን ከፍቶ አሰልጣኙን ያያል፤ ኳሷ በጓንቱ ጫፍ አልፋ ከኋላ ያለውን አጥር መታች። ያንፍሪ በደረቱ ተንሸራቶ ቤት ገባ። አልሜንድሮስ ጮኸ፣ ከበሮው ተመታ፣ ሰው ዘለለ።

ኔሬዮ ሳጥኑ ጋ ደረሰ።

«አበልጅ፣ ምንህን ነው?»

«ምንም» አለ ቱሊዮ።

«ምንህን ነው?»

«ደረቴን» አለና ወደቀ። መሬት ግን አልነካም፤ ኔሬዮ ቀለበው። እነዚያ ጉልበቶች ተንበረከኩ እንጂ እጆቹ አልለቀቁትም።

ከበሮው ከአንድ ጫፍ እስከ ሌላው ቀስ በቀስ ዝም አለ። ዶኛ ፍሎራ ቀሚሳቸውን ሰብስበው ሜዳውን አቋርጠው መጡ፣ ከቦርሳቸው አስፕሪን አውጥተው፣ «አኝከው፣ አትዋጠው» ብለው አፉ ውስጥ ከተቱት። ሙዝ ጫኝ መኪና ተገኘ፣ ሙዙ ተራገፈ፣ ቱሊዮ ራሱን ኔሬዮ ጭን ላይ አድርጎ ተኛ። መኪናው ሳይንቀሳቀስ ከኤል ሙዬ ሰዎች አንዱ ወደ ዳኛው፣ ወደ ዶን ሴቬሮ፣ ዞሮ፣ «ነጥቡስ?» አለ። ሰው ምን ያድርግ፣ ዋንጫ ነው።

ዶን ሴቬሮ ቆባቸውን አውልቀው ነበር። «ጨዋታ አላቆምኩም» አሉ። «ገብቷል። ነጥብ ነው።»

«በገዛ እግርህ ሸጥከን» አለ ሰውየው ወደ መኪናው። ሌላው ደግሞ፣ በክፋት ሳይሆን ገርሞት፣ «ቆይ፣ እንዴት አየው ግን? አሸዋ አልነበር እንዴ የሚያየው?» አለ።

ኔሬዮ ያቺን ጥያቄ ይዟት ሐኪም ቤት ድረስ ሄደ።

ሐኪሟ ትንሽ ቢዘገይ ኖሮ አይተርፍም ነበር ብላለች። በማግሥቱ ረፋድ ላይ እንዲያየው ፈቀዱለት። ቱሊዮ ትራስ ተደግፎ፣ ክንዱ ላይ መርፌ ተሰክቶ፣ ከወትሮው የበለጠ ረዝሞ ይታያል። ኔሬዮ ወንበሩ ላይ ሳይቀመጥ፣ በቆመበት ተናገረ።

«አበልጅ፣ ቃሌን አፍርሼአለሁ። ቀና ብዬ አየሁህ።»

ቱሊዮ ዓይኑን ወደ ጣሪያው አነሣ። «ስንት ጊዜ?»

«አንድ ጊዜ። ትናንት።»

«ሌላ ጊዜ የለም?»

«የለም።»

«ልትሰርቀኝ ነበር?»

«አዎ። ማሊያውን ሊወስዱብኝ ነበር።»

የቱሊዮ ሆድ መርገብገብ ሲጀምር ኔሬዮ ነርሷን ሊጠራ ዞረ፤ ሰውየው ግን እየሳቀ ነበር፣ ቀስ ብሎ፣ ሕመሙን እየፈራ። «ታማኝ ብትሆን ኖሮ ዛሬ እየቀበራችሁኝ ነበር» አለ። «ተቀመጥ እባክህ፣ ጉልበትህ ሲንቋቋ ይሰማኛል።»

ኔሬዮ ተቀመጠ።

«ያንፍሪ ገባ?»

«ገባ።»

«ቆቤን ሳልነካ?»

«ሳትነካ።»

«ያ ልጅ ይቀጣልኛል» አለ ቱሊዮ፣ ዓይኑንም ጨፈነ።

ኮሚቴው ቃሉን ጠበቀ። ክፉዎች አይደሉም፤ ያሉትን ነው ያደረጉት። ኢዳሊና ማሊያውን ለመጨረሻ ጊዜ አጥባ፣ አጥፋ፣ ራሷ ወስዳ አስረከበች። ሰብሳቢው መሬት መሬት እያየ፣ «ቁጥሯን ለማንም አንሰጥም» አላት። «አታድርጉት» አለችው። «ቁጥር ሳጥን ውስጥ ሲቀመጥ ብል ነው የሚበላው። ለአንዱ ጉልበት ላለው ልጅ ስጧት።» ቤት ስትመለስ ኔሬዮ ደጃፉ ላይ ጓንት ይዞ ተቀምጧል፣ ክሩ ግን በመርፌው አልገባም።

ከሁለት ወር በኋላ ቱሊዮ በሞተር ተፈናጦ መጣ፤ የነዳው ያንፍሪ ነው፣ ቅጣቱ ይህ መሆኑ ነው፣ ሰውየውን በፈለገበት ሰዓት ማመላለስ። ቱሊዮ ከፌስታል ውስጥ የአልሜንድሮስን ማሊያ አውጥቶ ኔሬዮ ጭን ላይ ጣለው።

«ሐኪሟ ፀሐይ ላይ መቆም ከልክላኛለች። ከዛፉ ሥር ወንበር ላይ መቀመጥ ትችላለህ ብላለች። ሳጥኑ ውስጥ የሚቆም ሰው እፈልጋለሁ።»

«ወጣት ፈልግ።»

«ወጣት ባገኝ ምልክቱን ማስተማር አለብኝ። አንተ ሳላስተምርህ ታውቀዋለህ።»

«የባላንጣ ማሊያ ለብሼ ኤል ሙዬ እንዴት እገባለሁ? በድንጋይ ነው የሚቀበሉኝ።»

«በጓሮ ትገባለህ» አለች ኢዳሊና ከውስጥ። ወጥታ ማሊያውን አነሣች፣ ስፌቱን ገልብጣ አየች፣ ብብቱን አሸተተች። «መታጠብ አለበት» አለችና ይዛው ገባች። ነገሩ በዚያ አለቀ።

እነሆ አሁን ኔሬዮ እሑድ እሑድ በማዶው ሳጥን ውስጥ ይቆማል። ቱሊዮ ከኋላው ከዛፉ ጥላ ሥር ተቀምጦ አንዳንዴ ያጉረመርማል። በዶኛ ፍሎራ በረንዳ አዲስ ጥያቄ ተጨምሯል፤ እንግዳ ሰው ሲመጣ ይጠይቁታል፦ «ዋንጫ በገዛ እግሩ ሮጦ ያስረከበ፣ ኋላም የተረከበውን ቡድን ማሊያ የለበሰ አሰልጣኝ ማን ነው?» እንግዳው ሲያቅተው፣ በመንገዱ ማዶ በመቆም ላይ ያለውን ሰው በአገጫቸው ያመለክቱታል። ሲያመለክቱ ግን አይስቁም። ያን ሩጫ ሁሉም አይተውታል፤ ያን ሁሉ ዓይን ያላየውን አንድ ዓይን እንዴት እንዳየው እስካሁን ያስደንቃቸዋል።

ኔሬዮ ስለ እሱ ይህን ሁሉ መጻፌን ሲሰማ ብዙ አልወደደውም። «የሚያነብ ካለ ግን አንድ ነገር ለምኝልኝ» አለኝ፣ መርፌውን ብርሃን ላይ ይዞ፣ ዓይኑን አጥብቦ። ልመናው ይኸው ነው፦

«ሜዳ ስትመጡ እኔንም፣ የትኛውንም አሰልጣኝ፣ እጁን ብቻ አይታችሁ አትርኩ፤ ፊቱንም እዩለት። ደረቴን ይዤ፣ ክንዴን ይዤ ካያችሁኝ፣ ቆቤንም ካልነካሁ፣ ሯጩ ይሮጣል አይሮጥም ብላችሁ አትጠብቁ። ዳኛም አትጠብቁ። መስመሩን ረግጣችሁ ግቡ፣ ምንህን ነው በሉኝ። ምንም ካልኩ አትመኑኝ። ደግማችሁ ጠይቁኝ።»